ያልተመዘገበ ቁጥር ሁሉ ከሰማይ አይደወልም

የዛሬው ጽሑፍ ይረዝማል። ኔትወርክ ያስቸገራችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ አንብቡት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ቪዲዮ አጋራ። ቪዲዮው የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ "ሳይንቲስቶች ግዙፍ ቫይረስ አገኙ። ከፕሮቲኖቹ አብዛኞቹ በምድር ላይ ካለ ከማንኛውም ፍጡር ጋር አይመሳሰሉም። ስለዚህ አንደኛ፣ ከዚህ ምድር አይደለም። ሁለተኛ፣ ዝግመተ ለውጥ የሚባለው ተረት ነው። ሦስተኛ፣ ከየት እንደመጣ በማያውቁት ነገር ላይ ክትባት ሠራን የሚሉን እያታለሉን ነው።"

እኔ ሥር ገብቼ ሁለት መስመር ጻፍኩ፦ "የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት አለው፣ ሦስቱ 'ስለዚህ'ዎች ግን ከእሱ አይወጡም" አልኩ። ከዚያ በኋላ የወረደብኝን አይታችኋል። አንዱ "ቲቸር፣ በዲፕሎማ ስለ ጂኖም ማውራት አይከብድም?" አለኝ። ሃያ ምናምን ሰው ሳቀበት።

እሺ። ዲፕሎማ ነው ያለኝ፣ አልደበቅኩም። ግን ወንድሜ፣ የአንድ ክርክር ትክክለኛነት በተከራካሪው ወረቀት አይለካም። ቢለካማ ቪዲዮውን የሠራው ሰውዬ መጀመሪያ የእሱን ወረቀት ያሳየን ነበር። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እናንተ ደግሞ ቁርበቱን ብቻ ሳይሆን ትራሱንም ጨመራችሁለት።

ዝም ልል ነበር። ያናገረኝ ሌላ ነገር ነው። በማግስቱ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከክፍል ስወጣ ተከትሎኝ "ቲቸር፣ አባቴ ቪዲዮውን ስልኬ ላይ አይቶ ዘንድሮ በሬዎቹን አላስከትብም አለ" አለኝ። ሁለት በሬ ነው ያላቸው። አንድ ጥማድ። ከሁለቱ አንዱ በቆዳ እብጠት ቢወድቅ፣ በእርሻ ወቅት የሰው ደጅ መጥናት ነው። ስለዚህ ይሄ ጉዳይ ለእኔ የፌስቡክ እሰጥ አገባ መሆኑ እዚያ ላይ አበቃ።

ከመጀመሪያው እንጀምር።

ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁን ታስታውሳላችሁ፦ ቫይረስ ከባክቴሪያ ያንሳል፣ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፣ ባክቴሪያ በማያልፍበት ማጣሪያ ያልፋል። ለፈተና እንደዛ ነው። እውነቱ ግን ከዚህ ሰፋ ይላል። በ1992 እንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ከተማ ውስጥ የሳምባ ምች ምንጭ ሲፈለግ ከአንድ የማቀዝቀዣ ውሃ ማማ ናሙና ተወሰደ። አሜባ ውስጥ የሚኖር አንድ ነገር ተገኘ፤ በተራ ማይክሮስኮፕ ስለታየ ባክቴሪያ ነው ተብሎ የባክቴሪያ ስም ወጣለት፤ ለዓመታትም ባክቴሪያ እንደሆነ ተቀመጠ። በ2003 ግን የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቫይረስ መሆኑን አሳወቁ። ሚሚቫይረስ አሉት፣ ሌላውን ስለሚመስል።

በቀጣዩ ዓመት ጂኖሙ ተነበበ። ወደ 1.2 ሚሊዮን ፊደል! ለማነጻጸር ያህል የኤች አይ ቪ ጂኖም ወደ 10 ሺህ ፊደል ነው፤ ጂኖቹም 9 ናቸው። ሚሚቫይረስ ከ900 በላይ ፕሮቲን የሚሠራ ትእዛዝ ይዟል። ከአንዳንድ ባክቴሪያ ይበልጣል። በ2013 ደግሞ ፓንዶራቫይረስ የተባለው መጣ፤ አንደኛው ከቺሊ የባህር ዳርቻ፣ ሌላኛው አውስትራሊያ ሜልቦርን አጠገብ ካለ ኩሬ። ትልቁ ወደ 2.5 ሚሊዮን ፊደል፣ ከ2,500 በላይ ፕሮቲን። ከእነዚህም ከአሥሩ ዘጠኙ በወቅቱ ከተመዘገበ ከማንኛውም ፕሮቲን ጋር አልተመሳሰሉም። ቪዲዮው የያዘው ይሄን ነው። እስከዚህ ድረስ አልዋሸም።

ውሸቱ የሚጀምረው "አልተመሳሰለም" የሚለውን ቃል ሲተረጉም ነው።

አንድ ፕሮቲን ከሌላ ጋር ይመሳሰላል ወይ የሚለው የሚታወቀው፣ የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል ኮምፒውተር ላይ ካለ መዝገብ ጋር በማስተያየት ነው። መዝገቡ ውስጥ ያለው ሰው አንብቦ ያስገባው ብቻ ነው። ያልተነበበው የለም። አስቡት፤ ስልካችሁ ይጮሃል፣ ቁጥሩ አልተመዘገበም። "ከሰማይ ነው የተደወለልኝ" ትላላችሁ? አትሉም። "ያልያዝኩት ቁጥር ነው" ብላችሁ ታነሱታላችሁ፤ የዱሮ ጓደኛችሁ ሲም ቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ሲም መቀየር ያልኩትም በምክንያት ነው። ፕሮቲን በትውልድ ብዛት ፊደሉ እየተቀየረ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ፊደሉ እስከማይታወቅ ድረስ ተቀይሮ ቅርጹ ግን ይቀራል። የፈንጣጣ ቤተሰብ ቫይረሶች ዲ13 የሚባል ፕሮቲን አላቸው። የሚሚቫይረስን ቅርፊት የሚሠራው ፕሮቲን ደግሞ አለ። ፊደላቸውን ብቻ ብታዩ ዝምድናቸው አይታያችሁም። አጣጣፋቸው ሲታይ ግን አንድ ዓይነት ነው። ያው ቅርጽ ባክቴሪያ በሚያጠቁ አንዳንድ ቫይረሶች ላይም አለ። አስገራሚው፣ የፈንጣጣ ዘመዶች ይህን ፕሮቲን የመጨረሻ ቅርፊት አያደርጉትም፤ ቫይረሱ ሲገነባ ለጊዜው እንደ ቤት ሠሪ መወጣጫ ይጠቀሙበትና ያነሱታል። አያቱ ግድግዳ የነበረ፣ የልጅ ልጁ መወጣጫ ሆነ። ይሄ ዝግመተ ለውጥን የሚያፈርስ ነው ወይስ ዝግመተ ለውጥ ማለት ራሱ ይሄ ነው?

እሺ፣ ሁሉም የጠፋ ዘመድ ነው ብዬ ደግሞ አልሸውዳችሁም። አይደለም። በ2018 ተጨማሪ ፓንዶራቫይረሶች ሲነበቡ ሁለት ነገር ታየ። አንደኛ፣ ብዙዎቹ "ዘመድ አልባ" ፕሮቲኖች በሌሎቹ ፓንዶራቫይረሶች ላይ ተገኙ። ዘመድ አልባነታቸው ቀረ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ አዲስ ቫይረስ እንደገና የራሱ ብቻ የሆኑ ጂኖች ይዞ መጣ። እነዚህ የግል ጂኖች ሲመረመሩ የፊደል ስብጥራቸው በጂኖችና በጂኖች መካከል ያለውን፣ ምንም የማይሠራውን ባዶ መሬት ይመስላል። ተመራማሪዎቹ ከዚህ የደረሱበት መደምደሚያ፣ ቫይረሱ ከዚያ ባዶ መሬት ላይ አዲስ ጂን ያበቅላል የሚል ነው። ከሌላ ዓለም አልመጣም፤ እዚያው ጓሮው በቀለ።

ወደ ሌባው ጉዳይ እንሂድ። እዚህ ላይ ከቪዲዮው ደጋፊዎች ብቻ ሳይሆን ከራሴ ደጋፊዎችም ጋር እጣላለሁ።

ሚሚቫይረስ ሲገኝ አንዳንድ ትልልቅ ሳይንቲስቶች ራሳቸው ተደናግጠዋል። ምክንያቱም ቫይረስ የራሱን ፕሮቲን መሥራት አይችልም፤ የሌላውን ሕዋስ ፋብሪካ ይጠቀማል። ሚሚቫይረስ ግን የፋብሪካውን አንዳንድ ዕቃ በእጁ ይዞ ተገኘ፤ አሚኖ አሲድን ከተሸካሚው ጋር የሚያጣብቁ አራት ፕሮቲኖች። "ይሄ ድሮ ሙሉ ሕዋስ ነበር፣ ቀስ በቀስ ንብረቱን ጥሎ ጥገኛ ሆነ" አሉ። ባክቴሪያ አንድ፣ አርኬያ ሁለት፣ እኛና ዘመዶቻችን ሦስት፤ ይሄ አራተኛው የሕይወት ግንድ ነው ያሉም ነበሩ። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ቆንጆ መሆኑ ግን እውነት አያደርገውም፤ መፈተን አለበት።

እንዴት ይፈተናል? ቀላል ነው። ሐብቱ ከአንድ አያት የወረደ ርስት ከሆነ፣ የእያንዳንዱ ጂን የዘር ሐረግ ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማል። ከየሰዉ ቤት የተለቃቀመ ከሆነ ደግሞ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ይጠቁማል። በ2017 ክሎስተርኖይቡርግ ከምትባል የኦስትሪያ ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ የተገኘ ክሎስኒውቫይረስ ለዚህ ፈተና ተስማሚ ሆነ። ከ20 አሚኖ አሲዶች ውስጥ ለ19ኙ አጣባቂ ፕሮቲን አለው። ለአራተኛው ግንድ ሐሳብ ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? ተመረመረ። ሐረጎቹ ወደ አንድ አያት አልሄዱም። አንዱ ከዚህ ሕዋስ፣ ሌላው ከዚያ ሕዋስ፣ በተለያየ ጊዜ የተወሰዱ ሆነው ታዩ። በጥቂት ጂኖች የጀመረ ትንሽ ቫይረስ፣ በመንገዱ እየለቃቀመ ገዘፈ ማለት ነው። ምስክሩ ተጠርቶ በጠራው ላይ መሰከረበት።

"ፕሮቲን ሰረቀ" ስላችሁ የሚስቅ አለ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፣ ቫይረስ ግን እጅ የለው፣ ኪስ የለው፣ እንዴት ይሰርቃል? ወደ ማሻላችን እንሂድና ልንገራችሁ።

አቀንጭራን የማያውቅ ራያ ውስጥ የለም። ሐምራዊ አበባዋ ሲያዩት ያምራል፣ ከሥር ግን የማሽላውን ሥር ይዛ ትመጠምጣለች። ጅጉርቲውም ደገሊቱም አይቀራትም። በ2010 የጃፓን ተመራማሪዎች የአቀንጭራን ጂኖች ሲያነቡ አንድ እንግዳ ነገር አገኙ። አቀንጭራ የእህል ዘመድ አይደለችም፤ ሌላ ትልቅ የዕፅዋት ጎራ ውስጥ ናት። ከጂኖቿ አንዱ ግን ዘመዶቿ ዘንድ የለም፤ ያለው እህሎች ዘንድ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚመስለው ደግሞ የማሽላን ነው። ከማሽላ ወሰደችው ማለት ነው። እጅም ኪስም ሳይኖራት። ሁለት ሕይወት ለረጅም ዘመን ሥር ለሥር ተጣብቀው ሲኖሩ፣ አልፎ አልፎ የአንዱ ቁራጭ በሌላው ውስጥ ይቀራል። አብዛኛው ይጠፋል። የጠቀመው ይቆያል። ይሄን ያገኙት ሰዎች ወደ ሌላ ፕላኔት አልሄዱም፤ እናንተ በየዓመቱ እየነቀላችሁ የምትጥሉትን አረም ነው ያነበቡት።

ቫይረስ ደግሞ ከአቀንጭራ የባሰ ነው። ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ነው የሚባዛው። የእሱ ዲኤንኤና የሕዋሱ ዲኤንኤ ግልባጭ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚውሉት።

አሁን ወደ በሬው።

ቪዲዮው ያልነገራችሁ ነገር አለ። የእነዚህ ግዙፍ ቫይረሶች ዘመዶች አንታርክቲካ አይደሉም፤ በረታችን ውስጥ ናቸው። ፈንጣጣ፣ የበግና የፍየል ፈንጣጣ፣ የከብት ቆዳ በእብጠት የሚሞላው፣ የእንስሳት ሐኪሞች ላምፒ ስኪን የሚሉት በሽታ፣ ሁሉም ከሚሚቫይረስ ጋር አንድ ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። ይህ ዝምድና የተጠቆመው በ2001 የፈንጣጣውን ቤተሰብ ከአልጌ ቫይረሶችና ከአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ቫይረስ ጋር በማስተያየት ሲሆን፣ ሚሚቫይረስ ሲገኝ እሱም እዚያው ውስጥ ገባ። የጋራ የሆኑ ጥቂት መሠረታዊ ጂኖች አሏቸው፤ ያ ርስታቸው ነው።

ፈንጣጣን አያቶቻችን ያውቁታል። በኢትዮጵያ የማጥፋት ዘመቻው ሲጀመር በ1971 ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። የመጨረሻው የአገራችን ሕመምተኛ በነሐሴ 1976 ኦጋዴን ውስጥ ታየ። በቀጣዩ ዓመት ሶማሊያ መርካ ላይ የመጨረሻው ተገኝቶ በሽታው ከምድር ጠፋ። በክትባት። "ከየት እንደመጣ በማያውቁት" የተባለው በክትባት! ፊታቸው ላይ ጠባሳው የቀረባቸውን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ ከቪዲዮው ይሻላሉ።

የከብቱ በሽታ መጀመሪያ የታወቀው በ1929 የዛሬዋ ዛምቢያ ውስጥ ነው። አገራችን ውስጥ በ1983 ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ታየ፣ ከዚያ ተስፋፋ። የሚናከሱ ዝንቦችና ትንኞች ያዛምቱታል፤ ስለዚህ እንደ ራያ ባለ ሞቃት ቆላ ምቾት አለው። የቫይረሱ ጂኖም በ2001 ተነቧል፦ ወደ 151 ሺህ ፊደል፣ 156 ጂኖች።

ከእነዚህ ጂኖች አንዳንዶቹ የማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። የራሱ የበሬው፣ ማለትም የአጥቢ እንስሳ። የሰውነት መከላከያ ወታደሮች እርስ በርስ በመልእክት ነው የሚነጋገሩት። ኢንተርሉኪን 10 የሚባል መልእክት አለ፤ "በቃ፣ ውጊያው ይብረድ" የሚል ትእዛዝ ነው። የከብቱ ቫይረስ ይህን መልእክት የሚመስል ፕሮቲን ይሠራል። ማለትም የቀበሌውን ማህተም አስመስሎ አስቀርጾ፣ በሽታው ገና ሳይጀመር "ተበተኑ" የሚል ደብዳቤ ይልካል። ሌላም አለው፤ ወታደሮቹ የት እንሂድ ብለው መልእክት የሚቀበሉበትን አንቴና የሚመስል ፕሮቲን። የሰው ፈንጣጣም እንዲሁ ነበር፤ ደማችን ውስጥ ያለውን የመከላከያ ሥርዓት የሚያረግብ የሰውን ፕሮቲን የሚመስል ነገር ነበረው።

እነዚህ ከየት መጡ? ቫይረሱ በዕድል ፈጠራቸው ማለት ይከብዳል፤ ከእንስሳው ፕሮቲን ጋር በፊደላቸው ይመሳሰላሉና። ማህተሙን ያገኘው ከቀበሌው ነው።

"እና ቢሆንስ? ለገበሬው ምን ይፈይዳል?" ትላላችሁ። ደግ ጥያቄ ነው። መልሱ ይሄውና።

ያ አንቴና ያልኳችሁ ጂን፣ ከእንስሳ የተወሰደው፣ በበግ፣ በፍየልና በከብት ቫይረሶች ላይ ትንሽ ትንሽ ይለያያል። በ2009 የታተመ ጥናት ይህን ጂን በማንበብ ቫይረሱ የበግ፣ የፍየል ወይስ የከብት መሆኑን መለየት እንደሚቻል አሳየ። አሁን ልብ በሉ። አገራችን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የከብት ክትባት የተሠራው ኬንያ ውስጥ ከተገኘ፣ የበግና የፍየል ተብሎ ከተሰየመ የቫይረስ ዘር ነው። አሠራሩ ምክንያት ነበረው፤ የቅርብ ዘመድ ስለሆኑ የአንዱ ክትባት ሌላውን ይከላከላል። ነገር ግን የተከተቡ ከብቶች ሲታመሙ ታየ። ያ የኬንያ ዘር ጂኖቹ ሲነበቡ ሐረጉ የበግም የፍየልም ሳይሆን ከከብቱ ቫይረስ ጋር ሆኖ ተገኘ! ስሙ የበግ፣ ዘሩ የከብት። በ2015 በታተመ ጥናት ደግሞ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሦስት የክትባት ዘሮች ተወዳድረው፣ ጎርጋን የሚባለው የፍየል ፈንጣጣ ዘር ከብቶቹን ጠበቀ፤ የኬንያው ግን የሚጠበቅበትን ሳያደርግ ቀረ።

አያችሁ? የፕሮቲን ምንጭ መፈለግ የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም። ከየት እንደመጣ ስለጠየቁ ነው ስሕተቱ የታወቀው። ቪዲዮው "ከየት እንደመጣ አያውቁም፣ ስለዚህ አትከተቡ" ይላል። እውነቱ ተገልብጦ ነው፦ ከየት እንደመጣ ማንበብ ስለተቻለ የትኛው ክትባት እንደሚሻል ተለየ። ስለዚህ የገበሬው ጥያቄ መሆን ያለበት "አላስከትብም" ሳይሆን "የትኛውን ዘር ነው ያመጣችሁልኝ? መቼ ነው የሚሠራው? ቅዝቃዜው ተጠብቋል?" ነው። ይሄ ጥያቄ ባለሙያን ያተጋል። "አላስከትብም" ግን የሚያተጋው ዝንቡን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ አባት በገበያ ቀን ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። ቫይረስ፣ ጂኖም፣ አላልኩም። "ጋሼ፣ ሌባው የቤትዎን ቁልፍ አስቀርጿል፤ ክትባቱ ዘበኛውን የሌባውን መልክ ማሳየት ነው" አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና "ታዲያ ዘበኛው የበግ ሌባ አሳይተውት እንዳይሆን" አሉኝ። በሳይንስ መጽሔት ላይ ብዙ ገጽ የፈጀውን ክርክር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ዲፕሎማም የላቸውም።

አሁን ለራሴ ወገን። ኮሜንት ላይ የቪዲዮውን ደጋፊዎች "ኋላ ቀር" "ደንቆሮ" ያላችሁ አላችሁ። አትርዱኝ፤ እንዲህ ያለ እርዳታ አልፈልግም። ደግሞም እናንተም "ቫይረስ ሌባ ነው፣ ሌላ የለውም" ብላችሁ ጨረሳችሁት። እሱም ግማሽ እውነት ነው። የግዙፍ ቫይረስ ፕሮቲኖች ምንጭ ሦስት ነው፦ ከጥንት የወረደ ርስት አለ፣ ከየሕዋሱ የተወሰደ አለ፣ እዚያው ቤት የተፈጠረ አለ። ስንቱ ከየትኛው ነው የሚለው ላይ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ፤ ክርክሩ ግን በማስረጃ ነው፣ በስድብ አይደለም። የአራተኛውን ግንድ ሐሳብ ያነሱት ሰዎች ደንቆሮ አልነበሩም። ሊፈተን የሚችል ነገር ተናገሩ፣ ተፈተነ። ቪዲዮው ከእነሱ የሚለየው ሊፈተን የሚችል ምንም ስላላለ ነው። "ከሌላ ዓለም ነው" ብሎ የሚያረጋግጥበትን መንገድ አልነገረንም።

ሃይማኖቴን የነካችሁም አላችሁ። እኔ አማኝ ነኝ፣ የሚያውቀኝ ያውቃል። በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም በር የማልፍ ሰው ነኝ፣ በሁለቱም በኩል ያሳደጉኝ ሰዎች አሉ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ፈጣሪን ባልታወቀ ጂን ውስጥ አትሸሽጉት። ነገ ጂኑ ሲታወቅ ከዚያ ልታስወጡት ነው? ያወቅነውም ያላወቅነውም የእሱ ከሆነ፣ ያላወቅነውን ማወቅ እሱን ምን ይቀንስበታል?

ዘር ከልጓም ይስባል እንላለን። እኛ ዋጃ ላይ ያለን ሰዎች "ዘርህ ከየት ነው?" የሚለው ጥያቄ ስንት እንዳስከፈለን ማንም አይነግረንም። ጠያቂው ሁልጊዜ አንድ ቃል መልስ ይፈልጋል። እኔ ከባዮሎጂ የተማርኩት አንድ ቃል መልስ ያለው ሕይወት እንደሌለ ነው። ቫይረሱም፣ አቀንጭራዋም፣ ማሽላውም፣ እኛም ከብዙ ቦታ ነን። ከዚህ በላይ አልሄድም፣ ርእሴ አይደለም።

በመጨረሻ የቤት ሥራ አለባችሁ። አስተማሪ ነኝ፣ አይቀርላችሁም።

አንድ። "ከምንም ጋር አይመሳሰልም" የሚል ነገር ስትሰሙ፣ "ከምን ጋር ተስተያይቶ? በየትኛው መዝገብ? በስንት ዓመተ ምሕረት?" በሉ። የ2013ቱ መልስ በ2018 እንደተቀየረ አይታችኋል።

ሁለት። "ስለዚህ" የሚለው ቃል ላይ ቁሙ። ከፊቱ ያለው እውነት ሆኖ ከኋላው ያለው ውሸት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ድልድይ ላይ ነው።

ሦስት። ይሄ ለእናንተ ዩኒቨርሲቲ ላላችሁት ነው። ቱፓንቫይረስ የሚባል ግዙፍ ቫይረስ በ2018 ይፋ ሆኗል፤ ለ20ውም አሚኖ አሲድ አጣባቂ ፕሮቲን አለው። አንደኛው ከየት ተገኘ? ብራዚል ውስጥ ካለ የሶዳ ሐይቅ። የሶዳ ሐይቅ ማን ጋ አለ? ሻላ፣ አብያታ፣ ጪቱ፣ ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ! ብራዚላዊው ተማሪ ጠርሙስ ይዞ ወደ ሐይቁ ወረደ። እናንተስ ስለ ሌላ ፕላኔት ኮሜንት ከምትጽፉ ጠርሙስ ይዛችሁ ብትወርዱስ? አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ሠርተው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የወሰዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ከእኛው ገጠር የወጡ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ዘሮች የመጡት ጎብዬና አብሽር እዚህ አገር ማሳ ላይ ተዘርተዋል። ማሳ ላይ ያለን ጥያቄ ቤተ ሙከራ ድረስ የተከተለ ሰው የሚደርስበት እዚያ ነው።

ቪዲዮውን ያጋራው ተማሪዬን አልተቀየምኩም። ክፍል ውስጥም ጥያቄ የሚበዛበት እሱ ነበር፤ "ከፈተና አይወጣም" ብለን ያሳለፍነው ጥያቄ ነው ዛሬ ቪዲዮ ሠሪው የመለሰለት። ጥፋቱ ግማሹ የእኛ የመምህራን ነው። አንተ ልጅ፣ ይሄን ካነበብክ ደውልልኝ። ቁጥሬ ተቀይሯል፤ ያልተመዘገበ ቁጥር ሲደወልልህ አንሳው።

የተማሪዬ አባት በሬዎቻቸውን ሊያስከትቡ ተስማምተዋል። መጀመሪያ ግን የትኛው ዘር እንደሆነ ባለሙያውን እጠይቃለሁ ብለዋል። እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ።

ስሕተት ካገኛችሁብኝ በማስረጃ አርሙኝ፤ አስተካክላለሁ። ለስድብ ግን መልስ የለኝም። ሰላም እደሩ።

ከዋጃ